ጣራ ገዳም፦ «ካርቦን» የሚለው ቃል ሳይመጣ ደኑን ማን ጠበቀው?

ቀበሌና ካርቦን ምን አገናኛቸው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፋብሪካ ጭስ፣ በመኪና የተጨናነቀ ጎዳናና መሪዎች የሚጨባበጡበትን ትልቅ አዳራሽ ነው። ቀበሌ ሲባል ደግሞ መታወቂያ፣ ስብሰባና ማኅተም ትዝ ይለናል። «አይ፣ አይገናኙም» ብትሉ አይፈረድባችሁም።

ግን እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለን እንጠቁማለን።) ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ላይ እንደተገመተው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አገሪቱ የለቀቀችው የሙቀት አማቂ ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ገደማ ከግብርና፣ በተለይ ከከብቶች፣ 37 በመቶው ደግሞ ከደን መመንጠርና ከማገዶ የመጣ ነው። ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ እያንዳንዳቸው 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበራቸው።

ይህ ምን ማለት ነው? በሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ የዳረቢን ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እሱ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በቤቶች ጣራ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ እንዲገጠም መርዳት ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ልቀት በብዛት ከኤሌክትሪክ ይመጣል። የእኛ ደግሞ በሬው በሚግጥበት፣ ምጣዱ በሚጣድበትና ዛፉ በሚቆረጥበት ቦታ ነው ያለው። እነዚህ ነገሮች የሚወሰኑት ከአዲስ አበባ ይልቅ ቀበሌና ወረዳ ላይ ነው። ስለዚህ የአካባቢ ምክር ቤት ካርቦን እንዴት ይቀንሳል ብለን ስንጠይቅ፣ በእኛ አገር ጥያቄው በአብዛኛው «የዛፉና የመሬቱ ሕግ በማን እጅ ነው?» ወደሚል ይቀየራል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለን።

ከወረታ እስከ ጣራ ገዳም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ያዙ። ወረታ ላይ የደብረ ታቦሩን መገንጠያ ወደ ቀኝ ትታችሁ ቀጥሉ። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ የፎገራ ላም የምትታወቅበት። የርብን ወንዝ ተሻግራችሁ ስትቀጥሉ የሊቦ ከምከም ወረዳ ከተማ አዲስ ዘመን ትመጣለች። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ አንድ ገዳምና በዙሪያው ያለ የተፈጥሮ ደን አለ። ጣራ ገዳም ነው።

ደኑ የደጋና የወይና ደጋ ተራሮቻችንን ድሮ ይሸፍን የነበረው ዓይነት ነው። ወይራ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ክትክታ ታገኙበታላችሁ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በዚህ ደንና በአቅራቢያው ባለው የአበባዬ ደን ውስጥ ከ100 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ዙሪያው ግን እርሻ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው።

ካርቦኑስ? አንድ ዛፍ ውሃው ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ደረቅ ክብደቱ 400 ኪሎ የሆነ ወይራ 200 ኪሎ ያህል ካርቦን ይዟል ማለት ነው። ይህ ወይራ ተቆርጦ ቢነድ ካርቦኑ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሃዳል። የካርቦን አቶም ክብደት 12፣ የኦክሲጅን ደግሞ 16 ነው፤ አንድ ካርቦን ከሁለት ኦክሲጅን ጋር ሲጣመር 44 ይሆናል። 44ን ለ12 ስናካፍል 3.67 ገደማ እናገኛለን። 200 ኪሎ ካርቦን በ3.67 ሲባዛ 730 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ! አንድ ዛፍ ብቻ ነው ይህ።

ተመራማሪዎች ዛፉን ሳይቆርጡ ነው የሚያሰሉት። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው የግንዱን ውፍረት ይለካሉ፤ ከዚያ በተዘጋጀ ቀመር ክብደቱን ይገምታሉ። በጣራ ገዳምም ይህ ሥራ ተሠርቷል፤ ዛፉ ብቻ ሳይሆን የረገፈው ቅጠልና አፈሩም ተለክቷል። አፈሩን አትናቁት። በአንድ ደን ውስጥ ካለው ካርቦን ብዙው እግራችሁ ሥር ነው፤ ደኑ ሲመነጠርና ሲታረስ እሱም ቀስ በቀስ ወደ አየር ይወጣል።

ማገዶ መናገሻ ሲያዛውር

እዚህ አካባቢ የእንጨት ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራንዝ አጠገብ በ16ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. የነገሠው የአፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ግንብ ይገኛል። አፄ ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። የጥንት መናገሻዎቻችን ቦታ ይቀያየሩ እንደነበር በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። ጦርነትና ፖለቲካ ነበረበት፤ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጨምሩት ሌላ ምክንያት ግን ማገዶ ነው። ሺዎች አንድ ቦታ ሰፍረው ሲጋግሩ፣ ሲጠምቁ፣ ሲሠሩ፣ በዙሪያው ያለው እንጨት ያልቃል።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠችው። አፄ ምኒልክ በማገዶ እጥረት የተነሳ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፣ ቢቆረጥም እንደገና ያቆጠቁጣል። ዛሬ ወረታና አዲስ ዘመን ዙሪያ የምታዩት ባሕር ዛፍ የዚያ ታሪክ ልጅ ነው።

«40 በመቶ ደን ነበረን» — እርግጠኛ ነን?

«ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚል አባባል ሰምታችሁ ይሆናል። በመጻሕፍትም፣ በንግግርም፣ በፖስተርም አለ። ችግሩ ማን፣ መቼ፣ እንዴት ለካው ሲባል ጥሩ መልስ አለመገኘቱ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር መርምሮ ክፉኛ ጠይቆታል። የሰሜኑ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት የታረሰ አገር ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊትም ብዙው ሜዳና እርሻ ነበር።

ምስክር አለ? አለ እንጂ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ አውሮፕላኖቿ ለጦርነትና ለካርታ ሥራ ብዙ ፎቶ አንስተው ነበር። ፎቶዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ፣ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተገኙ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሱትን የደቡብ ጎንደር ፎቶዎች ከዛሬዎቹ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያዩ። ያዩት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ በአመዛኙ በቦታቸው አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ባሕር ዛፍ ተተክሎባቸው ሰፍተዋል። ሁለተኛ፣ በደኖቹና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ጠፍቷል።

ልብ በሉ። በእነዚህ ዓመታት ወራሪ መጥቶ ሄዷል፤ ንጉሥ ወርዷል፤ ደርግ መጥቶ ወድቋል፤ ሕገ መንግሥት ተቀያይሯል። ደኖቹ ግን ቆመዋል። በአጥሩ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ አልቆመም። ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ሕዝቡም አንድ። የተለያየው ደንቡ ነው።

ያልተጻፈው ደንብ እንዴት ይሠራል?

በቤተ ክርስቲያን ደን ዛፍ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ግዝት ነው። ቢቆረጥ ለቤተ ክርስቲያኑ ለራሱ ሥራ ነው፤ የወደቀው ደረቅ እንጨት ደግሞ ለበዓል ድግስ ይሆናል። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነው ይላሉ አባቶች። አማኝ ሆናችሁም ሳትሆኑም፣ እንደ ሳይንስ ተማሪ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ ደንብ ለምን ተከበረ?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም በሕይወቷ ሙሉ ይህን መሰል ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለች። በስዊዘርላንድ የግጦሽ ተራሮች፣ በጃፓን መንደሮች፣ በስፔን መስኖዎች ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ሳያጠፉ እንዴት እንደጠበቁ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ካገኘቻቸው መመሪያዎች ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ድንበሩ በግልጽ ይታወቅ፤ ደንቡን የሚያወጡት የሚነካቸው ሰዎች ይሁኑ፤ ጠባቂው ለእነሱ ተጠሪ ይሁን፤ ቅጣቱ በምክር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይክበድ።

አሁን ወደ ደብሩ ተመለሱ። ድንበሩን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ጠባቂው መነኩሴው፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ነው። አጥፊውን መጀመሪያ የሚመክሩት የንስሐ አባቱ ናቸው፤ እምቢ ካለ ቅጣቱ የሚመጣው ከሩቅ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለቅሶና ሠርግ አብሮት ከሚቀመጠው ሰው ነው። ጥቅሙም በዓይን ይታያል፤ ጥላ፣ መድኃኒት፣ ምንጭ፣ ማር። ኦስትሮም ጣራ ገዳምን አላጠናችም፤ ብታየው ግን የምታውቀው ነገር ነበር።

ደኑ «የመንግሥት» ሲሆን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጀ። «መሬት ላራሹ» እያሉ የተሰለፉ ወጣቶች በደስታ ሰከሩ፤ ጭሰኛው ከባለርስት ቀንበር ወጣ። ቤተ ክርስቲያንም ሰፊ መሬቷን አጣች፤ ብዙ ቦታ የቀራት ቅጽሩና በዙሪያው ያለው ደን ነው። በገጠር አዲስ የአካባቢ አስተዳደር ተፈጠረ፤ የገበሬ ማኅበር። አንዱ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር ላይ ይመሠረታል፤ መሬት ይደለድላል፣ ይዳኛል፣ ያስተዳድራል። የዛሬው የገጠር ቀበሌ አያት እሱ ነው።

የገበሬ ማኅበራቱ በ1970ዎቹ ብዙ ዛፍ አስተክለዋል፣ እርከንም አሠርተዋል። ብዙው የተሠራው ለሥራ በሚከፈል እህልና በትእዛዝ ነበር። ታዲያ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ምን ሆነ? በአገሪቱ ብዙ ቦታ የተተከለው ዛፍ በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ። ስለ ወሎ የጻፉት የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ እንዳሳዩት፣ ገበሬው ዛፉን የራሱ አድርጎ አላየውም። የተከለው እሱ፣ ያጠጣው እሱ፤ ግን ማን ይቆርጠዋል፣ ማን ይጠቀማል ሲባል መልሱ «መንግሥት» ነበር። መንግሥት የለም ሲባል የዛፉም ባለቤት የለም ሆነ።

እነሆ ሁለት ደኖች። አንዱን የጠበቀው ሰው የኔ የሚለው ደንብ ነው፤ መንግሥት ሲወድቅ አልወደቀም። ሌላውን ያስተከለው የታዘዘ ደንብ ነው፤ ከአዛዡ ጋር አብሮ ወደቀ። የካርቦን ጉዳይ ደግሞ በዓመት ሳይሆን በትውልድ የሚቆጠር ነው። ዛፍ ለ50 ዓመት ያጠራቀመውን ካርቦን ምሳር በአንድ ጠዋት ይፈታዋል።

ዛሬ ወረዳና ቀበሌ ምን ሥልጣን አላቸው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ። በአማራ ክልል የወረዳ ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ አስተዳዳሪ ይሾማል። በቀበሌ ደረጃ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አለ፤ የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሰጥቶታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ነበር፤ አዲሱ ለማኅበረሰብ ደንም ቦታ ሰጠ። የ1983ቱን ስህተት አስታውሱና ይህች አንቀጽ ምን ያህል እንደምትመዝን ገምቱ።

ሥራውስ ምን ይመስላል? ጥር ሲገባ የቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ተራራ ይወጣል፤ እርከንና ጋቢዮን ይሠራል። የተራቆተ ኮረብታ ከከብት ይከለላል። በተከለለ ቦታ ላም አይገባም፤ ሣሩ ግን በማጭድ ታጭዶ ለላሟ ይወሰዳል፤ «ቆርጦ መመገብ» ይሉታል። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሸክም ያጭዳል የሚለው በስብሰባ ተወስኖ በውስጠ ደንብ ይጻፋል። ተራ የሚመስለው ይህ ወረቀት ነው የእኛ አገር የካርቦን ፖሊሲ ማለት።

በደቡብ ጎንደር አንድ ብልህ ነገርም ተሠርቷል። የደን ሳይንቲስቱን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ። በዞኑ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ መዝግበዋል። ግን አንድ አስደንጋጭ ነገር አዩ፦ ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፣ ችግኙ የለም። ከብት ገብቶ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። አያቶች ብቻ ያሉበት፣ ልጅ የሌለበት ቤት አስቡ፤ ዛሬ ሙሉ ይመስላል፣ ነገ ባዶ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ገበሬውን አወያዩ፤ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ይካብ ተባለ። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከእርሻው። ገበሬው ማሳውን ከድንጋይ አጸዳ፣ ደኑ አጥር አገኘ። ማንም ያልተጎዳበት ስምምነት!

ሜዳውስ?

አሁን ከተራራው ወደ ፎገራ እንውረድ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ አፈር እየጠረጉ የሚደርሱት እዚህ ነው፤ ላይኛው ወረዳ ኮረብታውን ሲራቆት ታችኛው ወረዳ በጎርፍ ይከፍላል። የሜዳው የካርቦን ሒሳብ ግን ከዛፍ የተለየ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ተሞከረ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ውሃ የሚተኛበት፣ ጤፍ የማይወደው መሬት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል።

ውሃ በተኛበት ጭቃ ውስጥ ግን ኦክሲጅን የለም፤ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴን ይሠራሉ። በላሟ ሆድ ውስጥም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ፣ ክብደት ለክብደት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። እስያ ውስጥ ገበሬዎች የሩዝ ማሳውን በየጊዜው እያጠነፈፉ ሚቴኑን ይቀንሳሉ። ፎገራ ላይ ግን ውሃው ከሰማይና ከወንዝ ነው የሚመጣው፤ እንደ ቧንቧ አይዘጋም። ከሌላ አገር የተገለበጠ ዕቅድ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው። መልሱ የሜዳውን ውሃ ከሚያውቁ ገበሬዎችና ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ መፈለግ አለበት።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ይህን ሁሉ ስታነቡ አንድ ጥያቄ ካልከነከናችሁ እኔ ላንሳው። ኮረብታ ሲከለል ካርቦን ይጠራቀማል፤ ግን ከዚያ ኮረብታ ማገዶ ትለቅም የነበረችው እናት ወዴት ትሂድ? መሬት የሌለው የ20 ዓመት ወጣትስ? «አትንኩ» ብቻ የሚል ደንብ ሸክሙን አቅም በሌለው ትከሻ ላይ ይጭናል። እንዲህ ያለ ደንብ ደግሞ በ1983 ያየነውን ይደግማል። ጠባቂው ዞር ሲል ምሳሩ ይነሳል።

ስለዚህ ጥሩ ምክር ቤት ሲከለክል ምትክም ያስባል። ለማገዶው፦ ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ለወጣቱ፦ ከተከለለው ኮረብታ ላይ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ፣ የሣር ድርሻ፣ በማኅበር የተያዘ ደን። ለገበሬው፦ የተከለውን የሚቆርጠው ራሱ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት። እነዚህ ሲሟሉ ደንቡ ከ«የነሱ» ወደ «የኛ» ይሻገራል።

ችግኝ ተከላ ላይ እንግዲህ ሰልፉ አይጠፋም፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ አለ። የሚጎድለው ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ችግኝ ስትተክሉ የቀበሌውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ቦታ ማን ይጠብቀዋል? ሲደርስ ማን ይጠቀማል? አምና ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ? መልስ ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ተነስታችሁ ድገሙት፤ ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ።

እስከዚያው ደግሞ ሜትር ፈልጉና በግቢያችሁ ወይም በደብራችሁ ያለውን አንድ ትልቅ ዛፍ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ዙሪያውን ለኩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። በየዓመቱ በዚያው ቀን ድገሙት። ዛፉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ስታዩ፣ አየር ውስጥ የነበረ ካርቦን እንጨት ሲሆን በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው።